የመባው ባሕር ዛፍ

የሄድነው አራት ነበርን። የመጀመሪያዋ ወይዘሮ አስቴር ናቸው፤ በጉለሌ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚላቸው። ሁለተኛው ሾፌራችን ብርሃኑ ነው፤ ሚኒባሱም የራሱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አባል ባይሆንም መዝሙሩን ሁሉ ያውቃል፤ ተሳፋሪ ነው ያስተማረኝ ይላል። ሦስተኛዋ ልጄ ሰላም ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለእረፍት መጥታ ቤት ከምትቀመጥ ብዬ ያስከተልኳት። አራተኛው እኔ ግርማ ነኝ፤ ሸጎሌ አጣና እሸጣለሁ፣ ለምሰሶና ለማገር የሚሆን የባሕር ዛፍ ግንድ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሜያለሁ። የተቀበሉን ደግሞ ሁለት ናቸው፣ አቶ ሐንዳሞና ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች። ከሆሳዕና ወዲያ ሀንቃራ በምትባል መንደር ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር ማለት ይሻለኛል።

ይህን የምጽፈው ለሀንቃራ ገንዘብ አዋጥታችሁ ሀንቃራን ላላያችሁ፣ ወደፊትም ለማታዩ ምእመናን ነው። የሰጠ ሰው የሰጠው ነገር ምን እንደሠራ ማወቅ አለበት፤ ደስ ባይለውም።

ነገሩ ከስምንት ዓመት በፊት የጀመረ ነው። መንደሩ ከተራራ ሥር የምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነበረችው። እኛ ምንጯን በሲሚንቶ ሣጥን ከለልናት፣ ቧንቧ ዘረጋን፣ አራት ቦኖ አቆምን። በዓመቱ ደግሞ ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት ራቁቱን ነው፣ አፈሩ እየተሸረሸረ ሣጥኑን ይሞላዋል ተባለ። የጉለሌ ሰው ለራቁት ተራራ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ባሕር ዛፍ ላክን። ችግኙ በተተከለ ቀን የእኛ ሰዎች ሄደው ጸለዩበት፤ ዛፉ ሁሉ ለጌታ የተሰጠ መባ ነው፣ አድጎ ሲሸጥ ለመንደሩ ልጆች የመማሪያ ክፍል ይሠራበታል ብለው ለዩት። የመንደሩም ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ውጭ አንዲት ቅርንጫፍ ላይቆርጡ እጃቸውን አንሥተው ቃል ገቡ። አሁን ዛፉ ደረሰ ተባለና እኔ ዋጋውን እንድገምት ተላክሁ።

ሐሙስ

ቀጠሮው ለአንድ ሰዓት ነበር። ብርሃኑ የመጣው ለሦስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ነው።

"የነዳጅ ሰልፍ ነበር ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል" አለኝ።

እግዚአብሔርን በየሰልፉ ምስክር አድርጎ መጥራት ነውር መሆኑን ነገርኩት።

"እሺ፣ ማደያው ያውቃል" አለና የኋላውን በር ከፈተ።

ወይዘሮ አስቴር የታሸገ ውኃ በካርቶን በካርቶን አስጫኑ። "ሆዴ ከጉለሌ ሲወጣ አያውቀኝም" አሉ። የእንጦጦ ጭጋግ ገና አልተነሣም ነበር፤ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ከዳገቱ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እናቴም በዚያው መንገድ ስትወርድ ኖራለች። እኔን ያሳደገኝ ባሕር ዛፍ ነው፤ በማገዶ በላሁ፣ በአጣና ትዳር ያዝሁ፣ በአጣና ልጄን አስተማርሁ። ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ባሕር ዛፍ ማለት ቤትና እሳት ነው። ይህን የምናገረው ለራሴ ልከራከር ብዬ አይደለም፣ ኮሚቴያችን በምን ዓይን ያይ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

ዓለም ገናን እስክናልፍ ቀኑ ተጋመሰ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደህና ነው፣ አየሩም ከጉለሌ ይሞቃል። በየኮረብታው ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ሳይ ለብርሃኑ ይህ ለምሰሶ፣ ያ ለማገር እያልኩ አሳየው ነበር።

"አባዬ፣ ከእኛ በላይ ያለው የእጽዋት ማዕከል እኮ ባሕር ዛፉን እያነሣ ጽድና ኮሶ ነው የሚተክለው" አለች ሰላም።

"ምን አድርጓቸው?"

"ውኃ ይጠጣል ነው የሚሉት።"

"ውኃ የማይጠጣ ዛፍ የት አለ? ጽዱ እስኪደርስ ሰው ጣቱን ያንድድ?"

ብርሃኑ ሳቀ። ሰላም ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም መልስ የሰጠሁ መሰለኝ።

ቡታጅራ ልንደርስ ስንል ጎማችን ተነፈሰ። ጎሚስታው ቤት መብራት ጠፍቶ አየር መሙያው ቆሟል፤ ሰውየው ጎማውን በእጅ ፓምፕ እየነፋ ላቡ ጠብ ይላል። ከጎኑ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሦስት ዱካዋን ለእኛ አውጥታ ራሷ ቆመች። ለምን እንደምንሄድ ወይዘሮ አስቴር ሲነግሯት የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች። ጉለሌ ውስጥ ለዱካው ብቻ የሚያስከፍል አውቃለሁ።

ያደርንበት ፔንሲዮን አልጋው ከቁንጫ ጋር ነው። ውኃ በባልዲ ይመጣል። እኔም እንደ ልማዴ የጉለሌን ፈረቃ አማረርሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሰው በተኛበት ሰዓት የሚመጣ ውኃ ምን ውኃ ይባላል እያልኩ። አሁን ሳስበው ያን ቀን አፌን ብዘጋ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ሆሳዕና ምሳ በላን፤ ፓስታ ነበር፣ ጨው የበዛበት። ከከተማው ስንወጣ አስፋልቱ አለቀ። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ የወይዘሮ አስቴርን ነጭ ነጠላ የጡብ ቀለም አደረገው። መኪናው የሚደርሰው አንድ ድልድይ ድረስ ነው። ከድልድዩ ሥር ድንጋይ እንጂ ውኃ የለም። ከዚያ ወዲያ በእግር ዳገት ነው፣ ግራና ቀኙ የእንሰት ጓሮ።

አቶ ሐንዳሞ ከመንደሩ አፋፍ ላይ ጠበቁን። ረጅም ሰው ናቸው፣ ጠጉራቸው ሸብቷል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ኖረዋልና አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ክንዳቸውን ዘርግተው "ጉለሌ መጣ! እናንተ ሰዎች፣ ጉለሌ መጣ!" አሉ። በመንደሩ ሁላችንንም በአንድ ስም ይጠሩናል።

ቤታቸው ገብተን እንደተቀመጥን ወይዘሮ አማረች ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው መጡ። ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው አስረዋል። ተንበርክከው የወይዘሮ አስቴርን እግር ማጠብ ጀመሩ። ወይዘሮ አስቴር "ኧረ ተይ እህቴ፣ አይገባም" ቢሉም አልሰሟቸውም። ብርሃኑ ተራው ሲደርስ እግሩን ሰበሰበ።

"እኔ ሾፌር ነኝ እናቴ። እግሬ ፔዳል እንጂ መሬት መች ረገጠ?"

አቶ ሐንዳሞ ሲያስተረጉሙላቸው ሴትዮዋ ሳቁ፤ እግሩን ግን ጎትተው አጠቡት። የእኔን ሁለት ጊዜ አጠቡት፣ አቧራው አልለቅ ብሎ። ሲጨርሱ የታጠብንበትን ውኃ አልደፉትም። ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ወደ ጓዳ አስገቡት። እኔም ልጄን በክርኔ ነካ አድርጌ "አየሽ ቁጠባ? ከእንዲህ ያለ ሰው ነው መማር" አልኳት።

እራት በቅቤ የራሰ ቡላ ነበር፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር። እኛ ወይዘሮ አስቴር ያስጫኑትን የታሸገ ውኃ ጠጣን። የመንደሩ ሰው መጥቶ ቤቱ ሲሞላ ተናገር አሉኝ። ተነሣሁና ስለ ቃል መጠበቅ ተናገርሁ። ስንት ሰው በጌታ ፊት ምሎ ይክዳል፣ እናንተ ግን ብርድ ሲመታችሁ እንኳ አንድ ጭራሮ አልሰበራችሁም፣ ጉለሌ ሄጄ ለልጆቻችን አወራላችኋለሁ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አቶ ሐንዳሞ እያንዳንዱን ቃል ተረጎሙ። ወይዘሮ አማረች በሩ አጠገብ ቆመው ያደምጡ ነበር፣ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ከአቶ ሐንዳሞ ጋር ወደ ዛፉ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ባሕር ዛፍ በንግድ ዘመኔ አላየሁም። ቀጥ ያለ፣ ያልተነካካ፣ ቅርፊቱ የሚያበራ። እንጦጦ ላይ እንዲህ እስኪሆን ማን ይጠብቀዋል? ከመድረሱ በፊት ገሚሱ ይሰረቃል። ግንዱን በክንዴ እያቀፍሁ ደረጃ አወጣሁ፤ አቶ ሐንዳሞም ከኋላዬ ይከተሉኛል። አንድ ጊዜ ብቻ "ጥሩ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አንደኛ ነው" አልኳቸው። "ደግ፤ ያላችሁት እንዳይጠፋ ጠብቀናል" አሉ።

ስንመለስ ሰላም የለችም። ጎህ ሳይቀድ ከወይዘሮ አማረች ጋር ወጥታለች አሉኝ። ገበያ መስሎኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከዳገቱ በታች ሲመጡ አየኋቸው። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ቢጫ ጀሪካን አስረዋል። ልጄ ሸክሟን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ገመዱ ትከሻዋን ልጦታል።

"ምን ሆነሽ ነው? እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ…"

"አባዬ፣ ትናንት እግርህን በምን እንደታጠብክ ታውቃለህ?"

"በውኃ ነዋ።"

"ከየት የመጣ ውኃ? ጠዋት ወጥተን አሁን ነው የደረስነው። ገደል ውስጥ ነው፣ ከከብት ጋር ነው የሚቀዳው። አራታችንን ለማጠብ ሐሙስ አንድ፣ ትናንት አንድ፣ ሁለት ጊዜ ወርደዋል። ሁለት ጊዜ! ያንን የታጠብክበትን ደግሞ ላሟ ጠጣችው።"

"ቦኖውስ?"

"ሂድና ክፈተው።"

ሄጄ ከፈትሁት። ቧንቧው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰም። የሲሚንቶውን ሣጥን ክዳን አነሣን፤ ውስጡ ደረቅ ቅጠል አለ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ወይዘሮ አስቴር ተከትለውን መጥተው ነበርና ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት።

አቶ ሐንዳሞን መቼ ነው የደረቀው አልኳቸው።

"ሦስት ዓመት ይሆናል። መጀመሪያ ቀጠነች። ከዚያ በበጋ በበጋ ትጠፋ ጀመር። ከዚያ በቃ።"

"ታዲያ እንዴት አልነገራችሁንም? በየጊዜው እንደውል አልነበር እንዴ?"

"ትደውሉ ነበር። ዛፉ እንዴት ነው ትላላችሁ። ዛፉ ደህና ነው እንላለን። ደህና ነው እኮ፣ ዛሬ አይተኸዋል። ስለ ውኃው የጠየቀን የለም።"

"ቆርጣችሁ አትጥሉትም ነበር?"

ሰውዬው ተቆጡ። ከሄድን ጀምሮ ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "መባ ይቆረጣል? እጃችንን ያነሣነው በማን ፊት ነው? ትናንት ማታ ቆመህ ያመሰገንከን በምንድን ነው? እኛ ባሕር ዛፍ ብንተክል አንድ ሁለት፣ ከቤት ጓሮ ነው። ተራራ ሙሉ ተክለን አናውቅም። ምንጭ ራስ ላይ ሲሆን ጨነቀን፤ ግን ጉለሌ ያውቃል፣ እነሱ ከባሕር ዛፍ ሥር ነው የሚኖሩት አልን። ትመጣላችሁ ብለን ጠበቅን። ስትመጡ ፊት ለፊት ፈቃድ እንለምናለን ብለን።"

ከዚያ የቤታቸውን ነገር ነገሩኝ። የወይዘሮ አማረች ወገብ ተጎድቷል፤ ሐኪም ሸክም ከልክሏቸዋል። ልጃቸው ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ እስከ ፋሲካ ካልመጣችሁ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሏል። አቶ ሐንዳሞ ግን አባታቸው የተከሉትን የእንሰት ጓሮ ትተው መውጣት አይፈልጉም። እንሰት ዛሬ ተክለህ ነገ የምትበላው አይደለም፤ ዓመታት ይፈልጋል፤ ትቶ የወጣ ሰው ሌላ ቦታ እንደገና ልጀምር ቢል ዕድሜ አይበቃውም።

"በልግ ሳይገባ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ከተነቀለ መሬቱ ዝናቡን ይይዛል" አሉኝ። "ምንጯ ትመለስ ይሆናል፣ ላትመለስም ትችላለች። ግን ሥራው ተጀምሮ ካየች አማረችን አሳምናታለሁ። ለልጃችንም ቆይ የምለው ነገር ይኖረኛል። ዘንድሮ ካለፈ በቃ። ወገቧ አይችልም።"

ያን ዕለት ማንም የታሸገውን ውኃ ለመክፈት አልደፈረም።

እሑድ

ጸሎት ቤታቸው ከጭቃና ከሣር ነው፤ መሬቱ ንጹሕ፣ ዝማሬው የሚያስለቅስ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ድምፅ ማጉያ አለው፣ እንዲህ ግን አይዘመርበትም። ከአምልኮ በኋላ መንደሩ በሙሉ ደጅ ተቀመጠ። አቶ ሐንዳሞ ቆብ አውልቀው ተነሡ፤ በመጀመሪያ በሀዲይኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ።

"ጉለሌዎች፣ የሰጣችሁንን አልናቅንም። ጠብቀነዋል። አሁን ግን በጌታ ስም ፈቃድ ስጡን። መጥረቢያችን ተስሏል፤ ነገ ሰኞ እንጀምራለን። ግንዱን ውሰዱት፣ ሽጡት፣ እኛ ከእርሱ አንድ ብር አንፈልግም። ሥሩን ነው የምንፈልገው።"

ወይዘሮ አስቴር ተነሡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ማንም ክፉ አድርጎ እንዲያስባቸው አልፈልግም። "ወንድሞቼ፣ በእኔ ቢሆን አሁኑኑ" አሉ። "ነገር ግን ዛፉ የአጥቢያው ንብረት ነው። ብዙ ሰው ያዋጣበት ነው። የሽማግሌዎች ጉባኤ ሳይወስን እኔ ብፈቅድ ነገ ሌላው ሰብሳቢ ተነሥቶ የፈለገውን ያደርጋል። ሄደን እናስወስናለን። ቶሎ።"

"ቶሎ ማለት መቼ ነው?" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

ወይዘሮ አስቴር ወደ እኔ ዞሩ። "ወንድም ግርማ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ዛፉን የማውቅ እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የገመትሁም እኔ። ይቆረጥ ብል ወይዘሮ አስቴር ብቻቸውን አይቃወሙኝም ነበር፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀዋለሁ። ሰላም አጠገቤ ነበረች። ቀስ ብላ "አባዬ፣ ይቆረጥ በል" አለችኝ።

ልጆቼን ያሳደግሁት በሥርዓት ነው። ያልተፈቀደ አይነካም፣ ያልታዘዘ አይደረግም እያልሁ ነው። የሕዝብ ንብረት የሚጠፋው አንድ ሰው ለጥሩ ነገር ብሎ ሥርዓት ሲጥስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ተነሣሁና "ሥርዓት ይቅደም። ቃላችሁን ሦስት ዓመት ጠብቃችኋል፤ እኛም በአግባቡ ፈቅደን እንድንልክላችሁ ጥቂት ታገሡን" አልኩ።

አቶ ሐንዳሞ ተረጎሙት። ወይዘሮ አማረች ከሴቶቹ መካከል አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ጥቂት ሴቶች ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ደስ የሚል አልነበረም።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ምንም" አሉ አቶ ሐንዳሞ። "መንገድ እንዲቀናችሁ ነው።"

ሰላም በኋላ ከሴቶቹ አንዷን ጠይቃ ነገረችኝ። ያሉት እንዲህ ነው፤ "ለዚያ ሰውዬ ንገሩት፣ ወገቤ ጉባኤ አያውቅም።"

ሰኞ

ልንነሣ ስንል ወይዘሮ አማረች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አመጡልን፤ ለአራታችንም ለየብቻ። ሰላም የቀረውን የታሸገ ውኃ ሁሉ በራቸው ላይ ደረደረች። ሴትዮዋ አቅፈው ሳሟት፤ እኔንም ጎንበስ ብለው ተሰናበቱኝ፣ ጎንበስ ማለት ምን ያህል እንደሚያማቸው እያየሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አቶ ሐንዳሞ እስከ ድልድዩ ሸኙን። "ሦስት ዓመት የጠበቀ ጥቂት ሳምንት አያቅተውም" አሉ፤ የሚናገሩት ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

በመኪና ውስጥ ብርሃኑ መዝሙር አልከፈተም። ወልቂጤ በኩል ነው የተመለስነው፤ ምሳ አቁመን ወይዘሮ አስቴር አልበሉም። ዓለም ገና ስንደርስ ብርሃኑ በመስታወቱ አየኝ።

"ጋሼ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ነገር አላውቅም። ግን ዛፍ የሚቆረጠው በመጥረቢያ አልነበረም እንዴ? በቃለ ጉባኤ ሆነ?"

"መንገድህን ተመልከት" አልኩት።

ጉለሌ ስንገባ መሽቶ ነበር። ውኃ መጥቷል፤ ባለቤቴ በርሜል እየሞላች ነው። ሰላም ጫማዋን ሳታወልቅ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ውኃው ሲወርድ ረጅም ጊዜ አየችው። ራት አልበላም ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ታናግረኛለች፣ ታከብረኛለች፤ ምክር ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

ከተመለስን በኋላ

የመጀመሪያው ጉባኤ አባላት ስላልተሟሉ ተበተነ። በሁለተኛው አንድ ወንድም ባለሙያ ሄዶ ይይልን አለ፤ ነገሩ ትክክል ነበር፣ ባለሙያ እስኪገኝ ግን ሳምንታት አለፉ። በሦስተኛው ዋጋ ይጨመርልን፣ ነጋዴ ይወዳደር ተባለ። እያንዳንዱ ሰው የተናገረው ሁሉ ለብቻው ሲሰማ ልክ ነው። ወይዘሮ አስቴር በየስብሰባው ይለምኑ ነበር፤ አንድ ቀን አለቀሱ። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተናገርሁ፤ አንዱ ሽማግሌ "ወንድም ግርማ፣ ሥርዓት ይቅደም ያልከው አንተ አይደለህም?" አለኝ። ተቀመጥሁ።

ፈቃዱ ሲወጣ በልጉ ጀምሮ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ የጭነት መኪና ድልድዩ ድረስ መግባት አልቻለም። ያሸነፈው ነጋዴ መጫን ካልቻልሁ አላስቆርጥም አለ። ነገሩ ክረምቱን ተሻግሮ ጥቅምት ገባ።

ልጃቸው በፋሲካ ማግሥት እንዳለው መኪና ይዞ መጣ። አቶ ሐንዳሞ የእንሰት ጓሯቸውን ለጎረቤት ሸጡት፤ ጎረቤቱም ራሱ በዓመቱ ወጣ። በጥቅምት ዛፉ ሲቆረጥ አቶ ሐንዳሞ ከሆሳዕና ሄደው ሥሩን ከሚነቅሉት ጋር ዋሉ። በሚቀጥለው በጋ ስልክ ደወሉልኝ።

"ግርማ፣ ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት።"

"እሺ?"

"ረጥቧል።"

"ይፈሳል?"

"አይ። ረጥቧል ብቻ። እጄን ሳስገባ ቀዘቀዘኝ። ምናልባት ልጆቻችን…" አሉና የቤታችንን ሰው ሁሉ በስም እየጠሩ ደኅንነት ጠየቁኝ። ሰላምን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ሌላ ምንጭ እንፈልግ፣ ጉድጓድ እንቆፍር የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ቀርቧል። እኔ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ግን ከእንግዲህ ለማላውቀው ቦታ እጄን አላነሣም።

ያዋጣችሁ ሰዎች ሒሳቡን መስማት መብታችሁ ነው። አጣናው ስድስት መቶ አሥር ሺህ ብር ተሸጠ። ለማስቆረጥ፣ ለጭነትና ሥሩን ለማስነቀል አምስት መቶ አርባ አምስት ሺህ ወጣ። የእኛ የጉዞ ወጪ ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው። የተረፈው ሃያ ሰባት ሺህ ብር ነው፤ ለመማሪያ ክፍል ጣሪያ እንኳ አይበቃም። ምንጯን ለማጎልበት በመጀመሪያ ያወጣነው መቶ ሰማንያ ሺህ ከነሣጥኑና ከነቧንቧው እዚያው ቆሟል። ሀንቃራ አርባ አንድ አባወራ ነበረባት፤ አሥራ ዘጠኙ ወጥተዋል። የአቶ ሐንዳሞ አባት የተከሉት ጓሮ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ሆኖ አልቋል። ወይዘሮ አማረች ሆሳዕና ውኃ ይገዛሉ፤ አንድ ጀሪካን አሥራ አምስት ብር ነው፣ ለቤቱ ሦስት ያስፈልጋል። በቀን አርባ አምስት ብር።